ሁለት ዓይነት መወደድ

በጥቅምት 2018 አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንድ ወጣት የግቢ በር ያንኳኳል። ከጎኑ ደላላ ቆሟል። በሩን የከፈቱት ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት የሆናቸው የመሬት ቀያሽ ናቸው። ወጣቱ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ ዓይኑ በትከሻቸው በኩል አልፎ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመችው መኪና ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ይሸጧታል?»

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ኮሮላ ብሎ የሚጠራት የለም። ዲኤክስ ናት። ሁለቱ ፊደላት መጀመሪያ «ዴሉክስ» የሚለውን ደረጃ ለመግለጽ የተለጠፉ ነበሩ፤ ዛሬ የመኪናዋ መጠሪያ ስም ሆነው ቀርተዋል።

ወጣቱ ኮፈኑ እንዲከፈትለት አልጠየቀም። ተንበርክኮ ወለሏን ከሥር አየ፣ በሮቹ ሥር ዝገት መኖሩን በጣቱ ዳበሰ፣ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ ደላላው ዋጋ ጠራ። 850 ሺህ ብር።

ቀያሹ እሸጣለሁም አልሸጥምም አላሉም። «እስቲ ልምከርበት» ብለው ሻይ ጋብዘው ሸኟቸው።

ልጃቸው ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሯል። እንግዶቹ ገና ከበር ሳይርቁ መጣች። «አባዬ፣ በስንት ነበር የገዛሃት?»

«በ1996። በ52 ሺህ።»

«16 እጥፍ! ባንክ ብታስቀምጠው እንዲህ ያደርግልህ ነበር?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ በዚህ ሰሞን የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። የአጎቱን ቪትዝ፣ የአባቱን ዲኤክስ፣ የጎረቤቱን አሮጌ ሃይሉክስ ዋጋ እየሰማ «ሀብታም ሆነናል እንዴ?» የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። ቀያሹ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሜትሩ ራሱ ልክ መሆኑን ሳያረጋግጡ የለኩትን አያምኑም። እርሳስና ወረቀት አመጡ።

በ1996 አንድ ዶላር 8 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ነበር። 52 ሺህ ብር ማለት እንግዲህ 6 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ደላላው ዋጋ በጠራበት ሰሞን ደግሞ ዶላር 150 ብር አካባቢ ገብቷል። 850 ሺህ ብር ሲካፈል 5,700 ዶላር ያልሞላ ይመጣል።

ልጅቷ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። በብር 16 እጥፍ የዘለለችው መኪና፣ በዶላር ሲታሰብ ከተገዛችበት በጥቂቱ ወርዳለች። መኪናዋ የትም አልሄደችም። ያጠረው ሜትሩ ነው።

ይህ ግን የሒሳቡ ግማሽ ብቻ ነው። ያው 52 ሺህ ብር በ1996 ባንክ ገብቶ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ታስቦለት ቢሆን፣ ከ22 ዓመት በኋላ 230 ሺህ ብር ገደማ ይሆን ነበር። በዶላር 1,500 መሆኑ ነው። ስለዚህ ልጅቷም አልተሳሳተችም። መኪናዋ 22 ዓመት ሙሉ ሰው አመላልሳ፣ ሠርግና ለቅሶ አድርሳ፣ ከባንክ ደብተሩ በአራት እጥፍ የሚጠጋ ዋጋ ይዛ ቆይታለች።

በሌላው ዓለም መኪና እንዲህ አያደርግም። ከመሸጫው ግቢ በወጣ ቀን ዋጋው ይቀንሳል፣ በአምስት ዓመት ግማሹን ያጣል፣ በ20 ዓመት በኪሎ ይመዘናል። አንዲት የ43 ዓመት የቤተሰብ መኪና፣ ሞተሯ 1,290 ሲሲ፣ ጉልበቷ ከ75 ፈረስ የማይበልጥ፣ እንዴት ዋጋዋን ይዛ ቀረች?

ማታ ላይ ከቨርጂኒያ ስልክ ተደወለ። አሌክሳንድሪያ የሚኖረው የእህታቸው ልጅ ነው። እሑድ እሑድ ይደውላል፤ በዚህ ቀን ግን ወሬው ቀድሞ ደርሶት ቅዳሜ ደወለ። ይህ ልጅ ሁለት መኪና አለው። ለእንጀራው ፕሪየስ፣ ለልቡ ደግሞ ቢኤምደብሊው ኤም 5፤ የመኪና አዋቂዎች ኢ39 የሚሉት ትውልድ።

«ጋሼ፣ እኔና አንተ አንድ ሆንን ማለት ነው» አለ እየሳቀ። «የኔም ጨምራለች።»

የሱ መኪና ታሪክ እንዲህ ነው። ኢ39 ኤም 5 እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2003 ተሠራች። ውጭዋን ላየ ጨዋ የቢሮ ሴዳን ናት፤ አራት በር፣ የቆዳ ወንበር፣ ሰፊ የዕቃ መጫኛ። ኮፈኗ ሥር ግን 4.9 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ 400 የፈረስ ጉልበት አለ። ካምቢዮዋ ባለ ስድስት የእጅ ማርሽ ብቻ ነው፤ አውቶማቲክ ተብሎ የተሠራ የለም። በአጠቃላይ ከፋብሪካ የወጣው 20 ሺህ ከ500 አይሞላም። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ስትሸጥ ዋጋዋ 70 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር።

ከዚያ ወደቀች። ፈጣን ሴዳኖች ሲያረጁ አወዳደቃቸው ከተራ መኪና የከፋ ነው። ምክንያቱም ዋጋቸው ቢወርድም የጥገና ወጪያቸው አብሮ አይወርድም። 15 ሺህ ዶላር የከፈለ ሰው የ70 ሺህ ዶላር መኪና መለዋወጫ ነው የሚገዛው። ገንዘብ ያልነበራቸው ልጆች ገዟቸው፣ ዘይት ሳይቀይሩ ነዷቸው፣ አጋጯቸው፣ ገሚሶቹም ፈርሰው ለሌሎቹ መለዋወጫ ሆኑ። የእህታቸው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2011 በ14 ሺህ ዶላር የገዛት በዚያ የዋጋ ወለል ላይ ሳለች ነበር።

ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ። አምራቾቹ እንዲህ ያለ መኪና መሥራት አቆሙ። ትልቅ ሞተር ያለ ተርቦ፣ በእጅ ማርሽ፣ በአራት በር፤ ይህ ስብስብ ከገበያው ቀስ በቀስ ጠፋ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሚሸጠው አዲሱ ኤም 5 በባትሪም የሚታገዝ፣ 2.4 ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና ነው። አሮጌዋ 1.8 ቶን አካባቢ ናት። አዲሱ በፍጥነት ይበልጣታል፤ ግን ፍጥነት ብቻ ያልፈለገ ሰው ወደ አሮጌዋ ተመለሰ። የተረፉት ደግሞ ጥቂት ነበሩ። የልጁን መኪና ዛሬ በ35 ሺህ ዶላር የሚጠይቁት አሉ።

ከዚህም የጠበቀ ምሳሌ አለ። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1990 ለመኪና እሽቅድምድም ሲል 190ኢ ከተባለው ሴዳን «ኢቮሉሽን 2» የሚባል ዓይነት አወጣ። የውድድሩ ሕግ ቢያንስ 500 ተሠርተው ለሕዝብ ካልተሸጡ አይሳተፍም ይል ነበር። መርሴዲስ 502 ሠራ። ሕጉን አሟልቶ ሁለት ጨመረ ማለት ነው። ዛሬ ከነዚያ አንዷ ለጨረታ ስትወጣ የቤት ዋጋ ትጠራለች። ሌላ 503ኛ እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ብልሃት አለው። «ተወደደ» ሲል ዋጋው ናረ ማለቱም ነው፣ ሰው ወደደው ማለቱም ነው። አንድ ቃል ሁለቱንም ይይዛል። የኤም 5 እና የኢቮሉሽን 2 መወደድ በሁለቱም ትርጉም ትክክል ነው። ሰው ስለወደዳቸው ተወደዱ። ማንም እንዲገዛቸው አልተገደደም። ዋጋቸው ሰማይ ቢነካ የሚጎዳ የለም፤ ያልቻለ ሌላ መኪና ይገዛል፤ ገበያው በሌላ መኪና ተሞልቷል።

ልጁም ይህን ሳያስበው ተናገረው። «ጋሼ፣ እኔ ነገ ጠዋት ብሸጣት ከሰዓት በኋላ በግማሽ ዋጋዋ ደህና መኪና ገዝቼ እገባለሁ።»

ቀያሹ ትንሽ ዝም አሉ። «እኔ ነገ ጠዋት ብሸጣት» አሉ፣ «ከሰዓት በኋላ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ።»

ልዩነቱ ይኸው ነው። ጥቂት የተሠራ ዕቃ አለ፤ ኢቮሉሽን 2። ጥቂት የተረፈ አለ፤ ኤም 5። ሦስተኛው ደግሞ ዓለም ላይ ሞልቶ ሳለ ጥቂት የገባ ነው። ኮሮላ በዓለም በብዛት ከተሸጡ መኪኖች ቀዳሚው ስም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብርቅ ያደረጋት የበሩ ጥበት ነው።

በሩ እንዴት እንደጠበበ ማስታወስ ይጠቅማል። በአንድ ጊዜ አልተዘጋም።

በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መኪናን በዕድሜና በሞተር መጠን ከፋፈለ። አዲስና ትንሽ ሞተር ያለው 5 በመቶ ይከፍላል። ዕድሜው በገፋና ሞተሩ በተለቀ ቁጥር ታክሱ እየወጣ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የአውሮፓና የገልፍ አገሮች አውጥተው የሚጥሉት ጭስ የሚተፋ መኪና መጣያ አንሁን የሚል ነው። ግን አዲስ መኪና የመግዛት አቅም ያለው ቤተሰብ ስንት ነው? የመካከለኛው ቤተሰብ መግቢያ ያገለገለ ቪትዝና ያገለገለ ኮሮላ ነበር። ያ መግቢያ ጠበበ።

በ2015 መጀመሪያ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ሲብስ 38 ዓይነት ዕቃዎች ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተወሰነ። የቤት አውቶሞቢል አንዱ ነበር። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ለምክር ቤት ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ።

እነዚህን አራት ነገሮች ደርድሮ ለሚያይ የዲኤክስ ዋጋ ምሥጢር አይሆንበትም። የቤንዚን መኪና አዲስ አይገባም፤ ያለው አርጅቶ ይወጣል፤ የከተማው ሰው ይጨምራል። ቁጥሩ የማይጨምር ነገር፣ ፈላጊው ከጨመረ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ማን ይጠይቃል?

«ታዲያ ኤሌክትሪክ አትገዛም?» አለ የእህታቸው ልጅ። «መብራት ርካሽ ነው ትላላችሁ። ቤንዚን 1 ሊትር ከ100 ብር በላይ ነው ትላላችሁ።»

ትክክል ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ ሆኖ ነበር የሚገባው፤ ተገጣጥሞ ለመጣው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ይከፈልበት ነበር። አዲስ አበባ በቢዋይዲና በአይዲ 6 ተሞልታለች። የከተማዋ ጭስ መቀነሱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣው ዶላርም የአገር ሸክም ነው። በዚህ በኩል ፖሊሲውን ዝም ብሎ ማጣጣል አይቻልም።

የቀያሹ ችግር ግን ሌላ ነው። 850 ሺህ ብር ይዞ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ቤት የገባ ሰው ገና ቅድሚያ ክፍያ ነው የያዘው። ያገለገለውን ልግዛ ቢል ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው የሚነግረው የታመነ ምርመራ አያገኝም። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ይላል። ደላላውም «እንደ አዲስ ነው» ይላል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከዋጋው ትልቁ ድርሻ ስለሆነ፣ ይህን ሳያውቁ መግዛት የሞተሩን ድምፅ ሳይሰሙ መኪና እንደመግዛት ነው። በላዩ ላይ አዳዲሶቹ የቻይና ሞዴሎች በየጊዜው ዋጋቸው እየወረደ ነው የሚመጡት። አምና የተገዛው ዘንድሮ ዋጋው የሚወርደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡን ለማዳን የሚያስብ ሰው ወደ አሮጌዋ ይሸሻል። ባንኩ አያድንለትም፤ አዲሱ መኪና አያድንለትም፤ ቤት አቅሙ አይደለም። የ1982 ኮሮላ ታድንለታለች። ይህች አገር የጡረተኞቿን ቁጠባ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው ያቆመችው።

ለመሆኑ ወጣቱ ዲኤክሷን ለምን ፈለጋት? እሱ ቁጠባ ፍለጋ አልመጣም። በሱ ዓይን መወደዷ የኤም 5 ዓይነት ነው፤ ከልብ። ይህች ትውልድ ኮሮላ በሙሉ ከኋላ ጎማ የሚገፉ ሴዳኖች የነበሩባት የመጨረሻዋ ናት፤ ከሷ ቀጥሎ የመጣው ሴዳን ኃይሉ ወደ ፊት ጎማ ዞረ። ሞተሯ ቀላል ነው፤ ካርቡሬተር አለው፣ ኮምፒውተር የለውም፣ የሰፈር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ቅርጿ ሳጥን ነው፤ ዝቅ ስትደረግ፣ ሰፊ ቸርኬ ሲገባላት፣ ቀለሟ ሲታደስ ያምርባታል። አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤክስ የሚያስጌጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ቨርጂኒያ ቢሆኑ ኤም 5 ይገዙ ነበር። እዚህ የሚያፈቅሩት ፈጣን ሴዳን ከሌለ፣ ካለችው ላይ ፈጣን ሴዳን ይሠራሉ። ይህ ጥበብ ነው፤ ሊናቅ አይገባም።

ግን አንድ ገበያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፈላጊ ሲገናኝ ዋጋው የሚወሰነው በሁለቱ ድምር ነው። አንዱ ጌጥ ይፈልጋል፣ ሌላው እግር። ጌጥ የፈለገው ዋጋ ሲጨምር፣ እግር የፈለገው ከገበያ ይወጣል። አንዲት ነርስ ወይም አስተማሪ ልጇን ትምህርት ቤት ለማድረስ መጨረሻ ላይ ልትደርስባት ትችል የነበረችው መኪና ዲኤክስ ነበረች። አሁን እሷም ሸሽታለች።

ቀያሹ በዚያ ሌሊት ብዙ አልተኙም። ያነቃቸው ግን ገንዘቡ አልነበረም። ባለፈው ሰኔ የሆነው ነገር ነው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ ገና ሲጀምር፣ የ7 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሊያደርሱ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርደው ቁልቁለት እየወረዱ ነበር። ከፊት ያለ ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ እንደልማዱ ድንገት ቆመ። ቀያሹ ፍሬን ያዙ። እግራቸው የረገጠው ነገር ለስላሳ ነበር፤ ወለሉ ድረስ ወረደ። ሁለተኛ ረገጡ፣ ሦስተኛ ረገጡ፤ ማርሽ አወረዱ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ መሪውን ወደ መንገዱ ዳር ጠመዘዙ። መኪናዋ ተንሸራታ የድንጋዩን ጠርዝ ገጭታ ቆመች። ከሚኒባሱ ጋር የቀራቸው አንድ ክንድ አይሞላም።

ልጅቷ ከኋላ ወንበር ተወርውራ ግንባሯ የፊተኛው ወንበር ጀርባ ላይ አረፈ። አልተጎዳችም። ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ «አባባ፣ ቦርሳዬ ወደቀ» አለች። የኋላው ወንበር ቀበቶ የለውም። ይህች መኪና ስትሠራ ኤርባግ በሷ ዓይነት መኪና ላይ አይታሰብም ነበር፤ ኤቢኤስም እንዲሁ።

መካኒኩ በኋላ ምክንያቱን አገኘው። የፍሬኑን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ውስጥ ያለች ጎማ አርጅታ ተበልታለች። ዋጋዋ ከቁም ነገር የማይገባ ትንሽ ዕቃ ናት። ዋናዋ ስትጠፋ ሶማሌ ተራ ከፈራረሰች መኪና የወጣች ትገዛለች፤ እሷም ያው ዕድሜዋን የጨረሰች ናት። ብርቅ የሆነው መኪናው ብቻ አይደለም፤ መኪናውን በሕይወት የሚያቆየው ሁሉ ነው። የተወደደ መኪና ሲፈርስ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል፤ ሁሉም እርስ በርሱ እየተበላላ ያረጃል።

የ850 ሺህ ብሩ ሒሳብ ላይ ይህ የት ተጻፈ? የትም። ደላላው ዝገቱን አየ፣ ሊብሬውን አየ፤ ፍሬኗን የጠየቀ የለም። ገበያው የሚመዝነው በበሩ ጥበት ነውና፣ የምታቆም መኪናና የማታቆም መኪና ዋጋቸው ያን ያህል አይለያይም።

አሮጌ እንዳይገባ የተዘጋው በር፣ ውስጥ ያለው አሮጌ እንዳይወጣም ዘግቷል። አዋጁ ሲወጣ የተባለው ከመንገድ ላይ አሮጌ መኪና እንዲቀንስ ነው። ግን አሮጌ መኪና ከመንገድ የሚወጣው የሚተካው ሲገኝ ብቻ ነው። ካልተገኘ ይቆያል፤ ይጠጋገናል፤ ዋጋውም ይጨምራል። አርባ ዓመት የሞላት መኪና ልጅ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ እኛ ወለድ አለን ብለን እንቆጥራለን።

መፍትሔው በሩን እንደድሮው በርግዶ መክፈት ላይሆን ይችላል። ኤሌክትሪኩ መንገድ ትክክል ከሆነ፣ ጎዶሎው ይሞላ። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲሸጥ የባትሪው አቅም በታመነ ተቋም ተመርምሮ በወረቀት ይሰጥ። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ የዚህን ያህል ሥራ አይከብደውም። ዲኤክሷን አስረክቦ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚወስድ ሰው የሚቀነስ ቀረጥ ወይም ረዥም ብድር ይታሰብ። ብዙ አገሮች አሮጌ መኪና ከመንገድ ያወጡት ባለቤቱን በመቅጣት ብቻ አልነበረም፤ አሮጌውን አምጥቶ ለሚያስረክብ ገንዘብ ከፍለው ጭምር ነው። ያ እስኪሆን ደግሞ ቢያንስ የፍሬን፣ የጎማና የቀበቶ መለዋወጫ እንደ ቅንጦት ዕቃ አይታይ። መኪናው አሮጌ ነው ተብሎ ፍሬኑም አሮጌ ይሁን አይባልም።

ሰኞ ጠዋት ደላላው ደወለ። ወጣቱ 30 ሺህ ጨምሯል።

ልጃቸው «ላም አለኝ በሰማይ ሆነብህ አይደል?» አለቻቸው። እውነት ነው፤ ወተቷን ሊያዩ የሚችሉት ላሚቱን አርደው ነው። ከሸጧት ገንዘቡ ኪስ ውስጥ እንደ ብሩ ይቀልጣል፤ ካልሸጧት ዋጋው ወረቀት ላይ ይቀራል። በመሸጥም ባለመሸጥም የሚያተርፉት የለም። የእህታቸው ልጅ መኪናውን የያዘው ስለወደዳት ነው። እሳቸው የያዙት መውጫ ስለሌላቸው ነው። ከሩቅ ላየው ሁለቱም ዋጋዋ የጨመረ አሮጌ ሴዳን አላቸው።

ቀያሹ ለደላላው «አልሸጥም» አሉት። ከዚያ ሶማሌ ተራ ወረዱ። ግማሽ ቀን ዞረው፣ ከተጋጨ ቪትዝ የወጣ የኋላ ወንበር ቀበቶ አገኙ። ባትላሜራው ከወለሉ ጋር የሚያስረውን ብረት በይዶ ገጠመላቸው። የፍሬኑንም ፓምፕ ከነሙሉ ዕቃው ለወጡ፤ የፍሬን ሸራዎቹንም እንዲሁ። የወጣው ገንዘብ ከጡረታቸው የሁለት ወር ያህል ነው። መኪናዋን በዚህ ምክንያት አንድ ብር አብልጦ የሚገዛ የለም።

በማግስቱ የልጅ ልጃቸው ከኋላ ተቀምጣ ቀበቶውን ሲያስሩላት ተነጫነጨች። «አባባ፣ ጠበቀኝ።»

«ይጥበቅሽ» አሏት፤ ሞተሩንም አስነሱ።